ፊሽካው የማይደርሳት ተማሪ

ከአላማጣ እስከ ወልድያ ባለው ሜዳ ላይ የኔን ያህል ተማሪውን የሚያውቅ መምህር አልነበረም። ይኼን የምለው ለመመካት አይደለም፤ ለመመካት ከሆነማ ሌላም ብዙ አለኝ። ጀርባዬን ሰጥቼ ሰሌዳ ላይ እየጻፍሁ፣ ከኋላ የሳለውን ልጅ በሳሉ ብቻ ለይቼ በስሙ እጠራው ነበር። የቤት ሥራውን ያልሠራውን በአካሄዱ፣ ቁርስ ያልቀመሰውን በአቀማመጡ፣ ከእናቱ ተጣልቶ የመጣውን በሸሚዙ አቆላለፍ እለየዋለሁ። እናቶች የልጆቻቸውን ጠባይ እኔ ዘንድ መጥተው ያጣሩ ነበር ብል ማጋነን የለበትም፤ ቢኖርበትም ትንሽ ነው።

ታዲያ ይኼ ሁሉን አዋቂ መምህር፣ አንዲት ልጅ ዓመት ከምናምን ፊቱ ተቀምጣ ስትማር ጆሮዋ እንደማይሰማ አላወቀም።

ዘመኑ የደርግ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ናቸው፤ አገሩ ቆቦ። ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም፤ ድካሜ ግን የስልሳ ዓመት ሰው ድካም ነበር። በአንድ ክፍል ዘጠና ልጅ አስተምራለሁ። ዘጠና ያልሁት ሳልዋሽ ነው፤ ዋሽ ካላችሁኝ መቶ ሃምሳ ነበሩ። ለሦስት ተብሎ በተሠራ ዴስክ ላይ አምስት ይቀመጣሉ፤ ስድስተኛው አንድ ጎኑን ብቻ አሳርፎ፣ ሌላው ጎኑ ተራ እስኪደርሰው ይጠብቃል። ጠዋት አንድ ፈረቃ፣ ከሰዓት በኋላ ሌላ ፈረቃ፣ ማታ ለአዋቂዎች መሠረተ ትምህርት፣ ቅዳሜ ስብሰባ፣ እሑድ የልማት ዘመቻ። እግዜር ፍጥረቱን ጨርሶ ያረፈው ቀበሌው ስላልመዘገበው ነው እንባባል ነበር፣ ግራና ቀኝ አይተን። ቆርቆሮው ከረፋዱ ጀምሮ ይግላል። ነፋሱ ከአፋር በኩል አቧራ ይዞ በመስኮት ይገባና የጻፍሁትን ከኔ ቀድሞ ያጠፋዋል። በዋናው መንገድ ወደ ሰሜን የሚሄድ የወታደር መኪና ሰልፍ ሲያልፍ ደግሞ፣ የመጨረሻው እስኪያልፍ አፌን ዘግቼ፣ ጠመኔዬን ይዤ እቆማለሁ። አንዳንድ ቀን ያ ሰልፍ ባያልቅ ብዬ ተመኝቻለሁ።

ልጅቷ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። ወደ ሮቢት በሚወስደው መንገድ፣ ከከተማው ወጣ ብላ ካለች መንደር በእግሯ ትመጣለች። አራተኛ ክፍልን እኔው ዘንድ ወድቃ እየደገመች ነበር፤ ሁለተኛ የወደቀ ይሰናበታል፤ ደንቡ ነው። በጠባይ በኩልም ሁለት ማስጠንቀቂያ ነበረባት፤ ሦስተኛው ማባረሪያ ነው። ሁለቱንም ያጻፍሁት እኔ ነኝ። በጠባይ መዝገቡ ላይ በቀይ እስክርቢቶ፣ በዚያ በተመሰገነው የእጅ ጽሕፈቴ፣ «ከጎረቤቷ ትቀዳለች» ብዬ ጻፍሁ። ዝቅ ብዬ «ያለ ፈቃድ ትጮሃለች»፤ ዝቅ ብዬ «ስትጠራ ሆን ብላ ትዘገያለች»። ከሁሉ በታች ያለውን ግን የጻፍሁት ተናድጄ ነው። እኔ ክፍል ውስጥ ካልቀለድሁ ማስተማር አይሆንልኝም። ዘጠናው ልጅ በአንድ ጊዜ ሲስቅ ቆርቆሮው የሚነሳ ይመስላል። ያች ልጅ ግን ሌላው ስቆ ካበቃ በኋላ፣ ዙሪያዋን አይታ፣ ብቻዋን ትስቃለች። ለቀልደኛ ሰው ከዚህ የባሰ ስድብ የለም። የምታሾፍብኝ መሰለኝና «ንቀት ታሳያለች» ብዬ ጻፍሁባት። ሁለት ጊዜ አሰመርሁበት።

እውነቱ የወጣው በአውሮፕላን ነው። በዚያ ዓመት የአውሮፕላን ድምፅ ለመለየት የቆቦ ሰው ከራዳር ይበልጥ ነበር። ገና ከሩቅ፣ ከተራራው ወዲያ እምም የሚል ነገር ከተሰማ፣ የማን እንደሆነ ሳይጠየቅ ሁሉም መሬት ነው። ጥቅምት ውስጥ አንድ ረፋድ፣ ክፍልፋይ እያስተማርሁ፣ ያ ድምፅ መጣ። ዘጠናው ልጅ ከዴስኩ ሥር ገባ። መምህሩ ቀድሟቸው ከጠረጴዛው ሥር ገብቶ ነበር፤ እንዲያውም ጠመኔው መሬት ሳይደርስ እኔ ደርሻለሁ። እዚያ ሥር ሆኜ አሻግሬ ሳይ፣ በልጆቹ ጀርባ መሃል ሁለት አቧራማ እግሮች ይታዩኛል፤ ቀስ እያሉ ይወዛወዛሉ። ቀና አልሁ። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ከሰሌዳው ላይ ክፍልፋዩን ትገለብጣለች። አውሮፕላኑ በላያችን ሲያልፍ፣ ዴስኩ ሲርገፈገፍ ነው ዘወር ብላ ባዶውን ክፍል ያየችው። ፊቷ ላይ የነበረው ፍርሃት የአውሮፕላኑ አልነበረም። ሁሉም ጥሏት የሄደ የመሰላት ልጅ ፍርሃት ነበር።

አውሮፕላኑ አለፈ፤ አንዳች አልጣለብንም። እኔ ግን ከጠረጴዛው ሥር ቶሎ አልወጣሁም። አቧራዬን ሳራግፍ ከጎኗ የምትቀመጠውን ልጅ፣ የአንድ የከተማ ነጋዴ ልጅ ናት፣ ወደ ውጭ ጠራሁና ጠየቅኋት። እሷም በጣም ተገርማ፣ የጓደኛዋ ግራ ጆሮ ጭራሽ እንደማይሰማ፣ ቀኙም ከቅርብ ካልሆነ እንደማይዝ፣ ይኼን ደግሞ ክፍሉ በሙሉ እንደሚያውቅ ነገረችኝ። ዘበኛውም ያውቃል አለችኝ።

አባቷን አስጠራሁት። ሽርጡን የታጠቀ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ ያጋደመ፣ ቀጭን ገበሬ ነው፤ በዕድሜ አባቴ ይሆናል። ካድሬዎቹ ያስተማሩትን አክብሮ «ጓድ መምህር» ይለኛል። ልጅቷን ገና በጡት ሳለች ጆሮዋን መግል እንደመታት አጫወተኝ። ሲያስመዘግቧት ለምን እንዳልነገሩኝ ትንሽ ቆጣ ብዬ ጠየቅሁት።

«ወላሂ ጓድ መምህር፣ የተማረ ሰው ነው፣ አይቶ ያውቃል ብዬ ነው» አለ። «እኛ መሃይሞቹ እንኳ በሬ ስንገዛ ጆሮና ጥርሱን ሳናይ አንነዳም።»

እኔን መልስ ያሳጣ ሰው በቆቦ ታሪክ እሱ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የልቡን ነገረኝ። ልጅቷን ለጋብቻ የጠየቁ ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ መጥተዋል። እናቷ ጆሮዋ በአገር ሳይወራ ትዳር ባይ ናት። እሱ ግን ልቡ አልፈቀደም።

«ሲመጡ “ልጄ ተማሪ ናት” እላቸዋለሁ፤ ያች ቃል ትመልሳቸዋለች» አለኝ። «ከዚያች ሌላ የምላቸው የለኝም። ይኼን ይወቁልኝ።»

አብሽሩ አልሁት። ከዚህ በኋላ ልጅዎን የሚነካት የለም፣ እኔ እያለሁ የሚል ነገርም ጨመርሁበት።

ከማግስቱ ጀምሮ ያደረግሁት ትንሽ ነገር ነው፤ ሲያወሩት ትንሽ፣ ሲሠሩት ግን አድካሚ። ከፊት ረድፍ በግራ ጥግ አስቀመጥኋት፤ ቀኝ ጆሮዋ ወደኔ እንዲሆን። ለሰሌዳ ማውራት ተውሁ። ጽፌ እዞራለሁ፤ ዞሬ እናገራለሁ፤ ተናግሬ እዞራለሁ፤ ለሁለት ፈረቃ አንገቴ የወፍጮ መዘውር ሆነ። ቃል ጽሕፈት ሲሆን አጠገቧ ቆሜ አነባለሁ። ጎረቤቷ የነጋዴው ልጅ ደግሞ ትከሻዋን በመንካት ሥራ ላይ ተሠማራች፦ አንዴ ሲነካ ተነሺ፣ ሁለቴ ሲነካ የባንዲራ መዝሙር ነው፣ ባለሽበት ቁሚ። እጅጌዋ ሲጎተት ጋሼ አንቺን እየጠየቁ ነው። አንዳንድ ወላጆች ለምን እሷ ከፊት ተቀመጠች ብለው አጉረመረሙ። ዳይሬክተሩም ዘጠና ልጅ ሰጥተንህ አንዷን ይዘህ ቀረህ ወይ ብሎኝ ነበር፣ በቀልድ። የወሩ ፈተና ሲታረም ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አለፈች፤ በጥቂት፣ ግን በራሷ። ቀልዴንም ከሌላው እኩል መሳቅ ጀመረች። እንዲያውም ከሁሉ የሚያምር ሳቅ የእሷ ነበር፤ እዚህ ላይ አላጋነንሁም።

ኅዳር ገባ፤ ወባም አብሮ ገባ። የነጋዴው ልጅ ተኛች። ትከሻ የሚነካ ጠፋ፤ እኔም ሌላ ልጅ ልመድብ እያልሁ ከዛሬ ነገ ስል፣ አንድ ጠዋት ከላይ የመጣ እንግዳ በተገኘበት ባንዲራ ተሰቀለ።

የዚያን ዘመን የባንዲራ ሥነ ሥርዓት ላላየ ልንገር። ፊሽካ ሲነፋ፣ መዝሙር ሲጀመር፣ በግቢውም በመንገዱም ያለ ሰው ሁሉ ባለበት ይደርቃል። አንድ እግሩን ያነሳ እግሩን እንዳነሳ፣ አፉን የከፈተ እንደከፈተ። አህያ ነጂው ይቆማል፤ አህያዋ ብቻ መብቷ ተጠብቆ ትሄዳለች። ልጅቷ ያን ጊዜ ከመንገድ ደርሳ፣ ከክፍሎቹ ኋላ ካለው የውኃ በርሜል ጀርባዋን ለሰልፉ ሰጥታ ትጠጣለች። ጠጣች። በጣሳ ቀድታ እግሯን ታጠበች። ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ በደረቀው ሰልፍ መሃል ሰንጥቃ፣ ከባንዲራው ሥር ዘና ብላ ማለፍ ጀመረች። እኔ እንዳልጠራት ደርቄአለሁ። ዓይኔን አርገበገብሁ፣ ቅንድቤን ሰቀልሁ፤ እሷ ወደኔ አላየችም። ግማሽ ላይ ስትደርስ ሰው ሁሉ መድረቁ ገባትና ቆመች። እንግዳው ግን ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ነበር።

ዳይሬክተሩ ቢሮው አስጠራኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የደከመው ሰው ነበር፣ እንደኔው። እንግዳው የንቀት ድርጊት ነው ብሎ መጻፉን፣ ጉዳዩ ቅዳሜ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ እንደሚቀርብ ነገረኝ።

«አትሰማም እኮ» አልሁት።

መዝገቡን ከፍቶ ወደኔ አዞረው። «ይኼ የማን ጽሕፈት ነው?»

«የኔ።»

«“ንቀት ታሳያለች” ይላል። ሁለቴም ተሰምሮበታል። አሁን እኛ ባንዲራ ናቀች ስንል አንተ አትሰማም ትላለህ። የትኛውን አንተን ልመን?»

አንተም የኮሚቴው አባል ነህ፣ ተነስተህ አስረዳ፣ ከጤና ጣቢያም ወረቀት አምጣ፣ እኔ አልከለክልህም ብሎ ለቀቀኝ።

በዚያ ሳምንት የሮጥሁትን ሩጫ ፈረስ ቢሮጠው ይሞታል። የወባ ሕመምተኛ መምህር ስለነበር የሱንም ክፍል ደርቤ ይዣለሁ። በመሃል ልጅቷን ጤና ጣቢያ ወሰድሁ። ድሬሰሩ በባትሪ ጆሮዋን አየ፣ የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ በቀኝና በግራ አስጠጋላት፣ «ግራው የለም፣ ቀኙ በጥቂቱ» ብሎ ጻፈ። ማኅተም ያዡ ለወፍ ጥበቃ ዘመቻ ማሽላ ማሳ ወርዶ ስለነበር፣ ማኅተሙን ለማግኘት ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ተቀምጬ ዋልሁ። ወረቀቱን አራት አጥፌ ደረት ኪሴ ከተትሁት።

ዓርብ ከትምህርት መልስ ደግሞ ከሴቶች ማኅበር ተወክለው በኮሚቴው ወደሚቀመጡት እትዬ ቤት ሄድሁ። ገበያ ላይ በርበሬ የሚሸጡ፣ ትልቅ ሴት ናቸው፤ እሳቸው ሲያስነጥሱ የቀበሌው ተወካይ እንኳ ንግግሩን ያቆማል። ሁሉን አስረዳኋቸው፤ የሽማግሌዎቹንም ጉዳይ ነገርኋቸው። ብዙ ካሰቡ በኋላ አንዲት ነገር ብቻ አሉኝ።

«እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ ነገሩን የምታውቀው አንተ ነህ። አንተ እጅህን ባነሳህበት አነሳለሁ።»

ስመለስ በመንገድ ላይ ንግግሬን አጠናሁ። እንደዚያ ያለ ንግግር በራያ ምድር ተሰምቶ አያውቅም፤ እስካሁንም አልተሰማም።

ስብሰባው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ነው። ጠባቧ ቢሮ ውስጥ ስድስት ሰው፣ በላያችን የጋለ ቆርቆሮ። የልጅቷ ጉዳይ ከአጀንዳው መጨረሻ፣ ልዩ ልዩ የሚለው ሥር ነበር። መጀመሪያ የተሰበሩ ዴስኮች ተነሱ። ከዚያ የትምህርት ቤቱ ማሽላ፤ ወፉን ማን ይጠብቅ፣ የትኛው ክፍል በየትኛው ቀን ይውረድ ተባለ። ከዚያ የመሠረተ ትምህርት መቅረት። ከዚያ የቀበሌው ተወካይ ስለ ወቅታዊው ሁኔታ ማብራሪያ ለመስጠት ተነሳ፤ ወቅታዊ ያለውን ከዓለም አፈጣጠር ጀመረው። እኔ ጀርባዬን የጭቃው ግድግዳ ላይ አስደግፌ ነበር። ግድግዳው ቀዝቀዝ ይላል። ስለ ኢምፔሪያሊዝም ሲጀምር ትዝ ይለኛል፤ የዚያን መጨረሻ ግን አላውቀውም።

ከዚያ በኋላ የማውቀው፣ ከግራና ከቀኜ እጅ ሲነሳ የመጣችውን ትንሽ ነፋስ ነው። በዚያ ዘመን ደግሞ ስብሰባ ላይ እጅ ሲነሳ ከታየህ ታነሳለህ፤ ማን ምን አለ ብሎ የሚጠይቅ የለም። የሚደግፍ ሲባል ማንሳት፣ የሚቃወም ሲባል ወለሉን ማየት፤ ስንት ዓመት የሠለጠንሁበት ነገር ነው። እጄ እኔን ሳይቀሰቅስ ብቻውን ተነሳ።

ዓይኔን ስገልጥ ዳይሬክተሩ እስክርቢቶውን አቁሞ ያየኛል። እትዬ ከጎኔ ናቸው፤ እጃቸው ጭናቸው ላይ ነበር። የኔን እጅ አዩ፣ ፊቴን አዩ፣ እንደገና እጄን አዩ። ከዚያ የገዛ እጃቸውን፣ ከባድ ነገር እንደሚያነሳ ሰው፣ ቀስ አድርገው አነሱ።

ዳይሬክተሩ «በሙሉ ድምፅ» አለና ጻፈ።

ምን እንደጸደቀ አላወቅሁም፤ መጠየቅም አልቻልሁም። ቃለ ጉባኤው ሲነበብ ነው የሰማሁት፦ ተማሪዋ ከዛሬ ጀምሮ ከትምህርት ገበታ እንድትሰናበት። ለካ ዳይሬክተሩ ሐሳብ ያለው ብሎ ጠይቆ ነበር፤ ለካ ሁሉም እኔን ጠብቀው ነበር። እኔ ዝም ስል የተስማማሁ መሰላቸው። ወረቀቱ ደረት ኪሴ ውስጥ እንደታጠፈ ነው።

ስንወጣ እትዬ እጅጌዬን ያዙኝ። «ምን ሆንህ አንተ ልጅ? ትናንት ቤቴ ድረስ የመጣኸው ለምን ነበር?»

ይቺ ናት ጊዜዋ። ተመልሼ ገብቼ እንቅልፍ ወስዶኝ ነው፣ ድምፄን እንደገና ቁጠሩልኝ ማለት እችል ነበር። በተወካዩ ንግግር መሃል ተኝቼ በመገኘቴ ግለ ሂስ አድርግ እባል ይሆናል፤ ቆሜ ሂሴን አድርጌ እቀመጣለሁ፣ ከዚያ የሚብስ አይመጣብኝም። ዳይሬክተሩም ገና ቃለ ጉባኤውን አላስፈረመም ነበር።

«አስቤበት ነው» አልኋቸው።

እጅጌዬን ለቀቁኝ። ጥለውኝ ሄዱ። እኔ ተመልሼ ገባሁና፣ በዚያ በተመሰገነ ጽሕፈቴ ፈረምሁ።

በሳምንቱ አባትየው ልጅቷን አስከትሎ እቤቴ መጣ፤ ሁለት እቅፍ ጥንቅሽ ተሸክሟል፤ ከማሳው የመረጠው፣ ወፍራም ወፍራሙን። ከወባዋ የተነሳችው የነጋዴው ልጅ ጤና ጣቢያ መሄዳችንን፣ ሳምንቱን ሙሉ መሮጤን አጫውታው ነበር። ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ መጥተው እንደነበር፣ በዚህኛው ጊዜ የሚላቸው እንዳጣ፣ ለጥር ቀን እንደቆረጡ ነገረኝ። ድምፁ ውስጥ ወቀሳ የለም። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ፣ ደብተሮቿን ለእኔ ልታስረክብ ይዛ መጥታለች፤ ማስረከብ ያለባት መስሏት ነው።

«እርስዎ ብቻዎን ምን ያድርጉ» አለኝ አባቷ። «ታግለውላታል። አላህ ይስጥልኝ። ብዙ ነበሩ እንዴ የጨከኑባት?»

«ብዙ ነበሩ» አልሁት።

ከብዙዎቹ አንዱ እኔ መሆኔን አልነገርሁትም። የፈራሁት አልነበረም። በከተማው ውስጥ በሰው ሁሉ ስቀልድ የኖርሁ ሰው፣ አፉን ከፍቶ ሲያንቀላፋ ልጅ አስባረረ ተብሎ እንዳይሳቅብኝ አፈርሁ፤ ይኼው ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ጥንቅሹን ተቀበልሁት። አራት ቀን በላሁት፤ በጣም ጣፋጭ ነበር።